መዳፍ ያህል ቀለም

ሳገኛት ዶሮ ነበረባት፤
የኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ገብስማ ታቅፋ ተኝታባት፣
መሪዋ ላይ አውራው ቆሞ፣ እንደ ሾፌር ኮርቶ፣
አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ፣ ያቺ ሴይቼንቶ።

ወይዘሮ ዘርፌ «ውሰዳት» አሉኝ ዋጋ ሳይጠሩ፤
«ጫጩቱ እስኪፈለፈል ግን እንዳይነካ በሩ።»

ሃያ አንድ ቀን ጠበቅሁ።
የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል፤ እኔ ቆይቼ
ዘጠኝ ጫጩት የፈለፈለች መኪና አገባሁ፣ በሙክታር ጋሪ አስጎትቼ።
ፖስታ ቤቱን ስናልፍ ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ሳቀባት፤
ፈረሱ ብቻ ዞር እያለ እንደ ዘመድ አዘነላት።

ትርንጎ፣ ባለቤቴ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣
«በማስጠገኛዋ» አለች፣ «ባጃጅ ይገዛ ነበር፣ ያውም ያለ ፍለጋ።»
እውነቷን ነው። መልስ አልነበረኝም፤
ዛሬም የለኝም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ብር እቆጥራለሁ፤
ቅዳሜ የራሴን ብሎን በጣሳ ናፍጣ እዘፈዝፋለሁ።
ጋሽ ሽኩር ይመጣሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው፤
ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ የሚያዩት በጆሯቸው ነው።
ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ጎንበስ ብለው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ፣
«ሦስቱ ካንዴላ ያወራል፣ አራተኛው አኩርፏል» ይላሉ።
ስሙን ሁሉ ከሳቸው ተማርኩ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣
ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን።
ጣልያን ሄደ፤ ቃሉ ግን
ከብሎኑ ጋር ዝጎ ቀረ፣ ማንም ሳይፈታ።

መለዋወጫ የለም። ማለቴ፣ አለ፤ በገንዘብ ሳይሆን በልመና ነው፤
የበሯን ጎማ ከወንጂ፣ ከተጣለ የፋብሪካ ቺንጋ በቢላዋ ቆረጥነው።
ካርቡራተሯን ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ ገጠምኩ፤
በሦስቱም አንዲት ቪቴ ተረፈችኝ፣ ከየት እንደወጣች ሳላውቅ ኪሴ ከተትኩ።
እስካሁን ከቤት ቁልፌ ጋር ናት።

ከዚያ ቀለሟ።
በብርጭቆ ወረቀት ቅዳሜ ከቅዳሜ ስፈትግ፣
ላዩ ሰማያዊ፣ የታክሲ፣ የሰው ክርን ያሳሳው በመስኮቱ ጥግ።
ከሥሩ ጥቁር፤ በመርጫ ሳይሆን በብሩሽ፣ በጥድፊያ የተለቀለቀ፣
የብሩሹ ፀጉር እንኳ እንደ ቅንድብ ውስጡ የደረቀ።
ከጥቁሩ ሥር ክሬም፣ የወተት ስልባቦት።

ወይዘሮ ዘርፌን ጠራኋቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው
መጡ፤ ጥቁሩ ላይ መዳፋቸውን ለጥፈው
ቆዩ። ነፋሱ የግቢውን አቧራ አንስቶ አስቀመጠ።
«ይሄን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ «በአንድ ሌሊት፣ በኩራዝ፣ ልጅ እያጠባሁ።
ክሬሟን መኪና ነበር የሚያውቁት።»
ማን እንደሚያውቃት፣ ማን እንደነዳት፣ ያመለጠ ይሁን ያላመለጠ፣
አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁ።
«ታዲያ ክሬም ልቀባት?»
«ቅባት» አሉ፤ «እሷ ምን አጠፋች?»

ቀባኋት። ከግራ በሯ ውስጥ ግን፣ ሲከፈት ብቻ በሚታይ ቦታ፣
መዳፍ ያህል ጥቁር ተውኩ፤
ለማስታወሻ እንኳ አይደለም፣ ለይሉኝታ።

ባለፈው እሑድ ወደ ሶደሬ ስንወርድ፣ ወይዘሮ ዘርፌ ከፊት፣
ትርንጎ ከኋላ፣ ያቺ ገብስማ በነበረችበት፣
ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት ምላስ የሚያደርቅ፣
መንገድ መሃል ቆመች፣ አንዴ አስነጥሳ፣ ብላ ድርቅ።
ባጃጆች ጥሩንባ እየነፉ አለፉን፤
በሩቁ፣ ኮረብታው ላይ፣ ተርባይኖቹ ያለ ካንዴላ ይዞራሉ።
ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ ገፋች።
እየሳቀች ነበር፤ ያላየኋት መስሏት።

ለጋሽ ሽኩር ደወልኩ። ስልኩን ሞተሩ ጋ አስጠጋሁ፣
ቁልፉን አስዞርኩ። ካካካካ። ጠበቅሁ።
«አራተኛው ነው» አሉ። «አትምታው፤
አባብለው።»